ሰር ዊልፍሬድ ስቶክስ፤ ከውሃ በር እስከ ሞርታር

የሰው ስም ከሥራው ሁሉ መካከል በየትኛው ሲጠራ እንደሚኖር የሚወስነው ባለ ሥራው ራሱ አይደለም። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ዊልፍሬድ ስኮት ስቶክስ አብዛኛውን ዕድሜውን ያሳለፈው ድልድይ ሲነድፍ፣ የወደቀ ባቡር የሚያነሣ ክሬን ሲያሻሽል፣ የታላላቅ ወንዞችን ውሃ የሚዘጉና የሚከፍቱ የብረት በሮች የሚወጡበትን ፋብሪካ ሲመራ ነው። ይሁን እንጂ ስሙ ከሞተ በኋላ ሲነሣ የኖረው በ1915 (እ.ኤ.አ.) መግቢያ ላይ በነደፈው፣ ከአንድ የብረት ቱቦ ብዙም በማይለይ የጦር መሣሪያ ምክንያት ሆኗል። በልዩ ልዩ አገሮች የእግረኛ ጦር ክፍሎች የሚይዙት ቀላል ሞርታር ዝርያው ሲቈጠር ከዚያ ቱቦ ይደርሳል። የዚህ ሰው የሕይወት ታሪክ ለምህንድስና ባለሙያ የሚያነሣው ጥያቄ አለ፤ ይኸውም አንድ ሙያ ውሃ ለመገደብም ሰው ለመግደልም እኩል የሚታዘዝ ሲሆን፣ ባለሙያው በየትኛው ይመዘናል የሚለው ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ በዓመተ ምሕረት ከተገለጸው አንድ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ስቶክስ ኤፕሪል 9 ቀን 1860 በሊቨርፑል ከተማ ተወለደ። አባቱ የትምህርት ቤቶች ተቈጣጣሪ ነበሩ። ቤተሰቡም የካቶሊክ እምነት ተከታይ ስለ ነበረ ልጆቹ የተማሩት በካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ነው። ከወንድሞቹ መካከል አድሪያን የታወቀ ሠዓሊ ሆነ፤ ሌናርድ ደግሞ ስመ ጥር አርክቴክት ሆኖ ከ1910 እስከ 1912 የብሪታንያ አርክቴክቶች ንጉሣዊ ተቋም ፕሬዚዳንት ለመሆን በቃ። እንግዲህ ከአንድ ቤት አንዱ በቀለም፣ አንዱ በድንጋይ፣ ሦስተኛው በብረት ሥራ ስም አወጡ ማለት ነው። ዊልፍሬድ ትምህርቱን እንደ ጨረሰ በግሬት ዌስተርን የምድር ባቡር ኩባንያ በለማጅነት ገባ። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ መሐንዲስ ሙያውን የሚማረው ከመጽሐፍ ይልቅ በቤተ ሥራ፣ ከመዶሻና ከመቅረጫ አጠገብ ቆሞ ነበርና እርሱም በዚሁ መንገድ አለፈ። ከዚያም የሀልና የባርንስሊ የባቡር መስመር በሚሠራበት ጊዜ ድልድዮችን በመንደፍ ሥራ ተሰማራ።

በ1885 ራንሰምስ ኤንድ ራፒየር ወደሚባለው ድርጅት ገባ። የዚህ ድርጅት ፋብሪካ በምሥራቅ እንግሊዝ በኢፕስዊች ከተማ የሚገኝ ሲሆን፣ ዋና ሥራው ለባቡር ሐዲድ የሚያስፈልጉ ዕቃዎችን፣ ክሬኖችንና የውሃ መዝጊያ በሮችን መሥራት ነበር። ስቶክስ በዚህ ቤት ውስጥ ደረጃ በደረጃ አድጎ መጀመሪያ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ በኋላም የቦርዱ ሊቀመንበር ሆነ። ወንበሩ ግን ከንድፍ ጠረጴዛው አላራቀውም። ለዚህም ምስክር የሚሆነው በባቡር አደጋ ጊዜ ለሚያገለግሉ ክሬኖች ያወጣው ዘዴ ነው። ከሐዲድ የወጣ ሎኮሞቲቭ ማንሣት የሚችል ክሬን ራሱ እጅግ ከባድ ስለሚሆን፣ ወደ አደጋው ቦታ ሲጓዝ ሐዲዱንና ድልድዩን የሚያሠጋ ነበር። ስቶክስ የክሬኑን ክብደት ከፊሉን የሚሸከሙ፣ በጉዞ ጊዜ ከፊትና ከኋላ የሚቀጠሉ፣ ከቦታው ሲደረስ ግን የሚፈቱ ጋሪዎችን ነደፈ። ክሬኑ ሲጓዝ በብዙ መንኰራኵር ላይ ይከፋፈላል፤ ሲሠራ ደግሞ ከትርፍ ጋሪው ተላቆ በራሱ እግር ይቆማል። ከባዱን ነገር ሰው ሊያጓጉዘው በሚችል ክፍል መለያየት የሚለው ይህ አሳብ በኋላ በሌላ መልክ ተመልሶ የመጣ ይመስላል።

ድርጅቱ በዓለም የታወቀበት ሌላው ሥራ የወንዝ በር ነው። አየርላንዳዊው መሐንዲስ ፍራንሲስ ስቶኒ የፈለሰፈውን የውሃ በር የሚሠራው ይኸው የኢፕስዊች ፋብሪካ ነበር። ችግሩ እንዲህ ነው፤ በግድብ ውስጥ የቆመ የብረት በር ከኋላው ያለው ውሃ በታላቅ ኀይል ስለሚገፋው ከሚንሸራተትበት ድንጋይ ጋር ይጣበቃል፤ ስለዚህ ለማንሣት የሚያስፈልገው ጉልበት ከበሩ ክብደት ብዙ እጥፍ ይሆናል። ስቶኒ በበሩና በመስመሩ መካከል በነጻ የሚሽከረከሩ የብረት ከበሎዎችን በመደርደር ሰበቃውን እጅግ ቀነሰው። በዚህም ዘዴ ጥቂት ሰዎች በእጅ መዘውር ትልቁን በር ሊያነሡት ቻሉ።

በ1902 ተሠርቶ ያለቀው የመጀመሪያው የአስዋን ግድብ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው፤ በውስጡም 180 የውሃ መውጫዎች ነበሩት፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ 7 ሜትር ቁመትና 2 ሜትር ስፋት ያላቸው ናቸው። በሮቹን ያቀረበው ራንሰምስ ኤንድ ራፒየር ነበር። የግድቡ አሠራር በኢትዮጵያ ደጋ ዝናብ ላይ የተመሠረተ ነው። በክረምት ዓባይና ተከዜ ከደጋው አፈር ጠራርገው ደፍርሰው ሲወርዱ በሮቹ ሁሉ ተከፍተው ጎርፉ ከነደለሉ ያልፋል፤ የጐርፉ ወራት አልፎ ውሃው ሲጠራ በሮቹ ይዘጉና ማጠራቀሚያው ለበጋው እርሻ ይሞላል። በሮቹ ባይከፈቱ ኖሮ ግድቡ በጥቂት ዓመታት በደለል ይሞላ ነበር። የጐጃምና የትግራይ አፈር በየዓመቱ ያለፈው እንግዲህ ስቶክስ ከሚሠራበት ድርጅት በወጡ በሮች ሥር ነው። ጦርነት ባይነሣ ኖሮ የዚህ ሰው ስም ከዚህ ሥራ ጋር ተያይዞ በባለሙያዎች ዘንድ ብቻ በታወቀ ነበር።

በ1914 የአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። በዓመቱ መጨረሻ ከስዊዘርላንድ ድንበር እስከ ሰሜን ባሕር ድረስ ሁለቱ ወገኖች በምሽግ ውስጥ ገብተው ተፋጠጡ። ምሽጎቹ በብዙ ስፍራ ከጥቂት መቶ ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ርቀት የተቀራረቡ ነበሩ። ጠመንጃና መትረየስ በቀጥታ ስለሚተኵሱ ጕድጓድ ውስጥ የተደበቀውን ወታደር አያገኙትም፤ መድፍ ደግሞ ከሩቅ ስለሚተኰስ የራስንም ወገን የሚያሠጋ ነው። የሚያስፈልገው ወደ ላይ ተወርውሮ ከጠላት ምሽግ ውስጥ ቁልቁል የሚወድቅ ነገር ነበር። ጀርመኖች ምሽግ ለመስበር የተሠሩ ከባድ ሞርታሮችን አስቀድመው አዘጋጅተው ነበር። እንግሊዞች ግን እጃቸው ባዶ ስለ ነበረ የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ፈንጂ ሞልተው እስከ መወርወርና ከፈረንሳዮች የተገኙ ያረጁ የ19ኛው መቶ ዓመት ሞርታሮችን እስከ መጠቀም ደረሱ።

ሞርታር በራሱ አዲስ ነገር አልነበረም። አፈ ሰፊና አጭር ሆኖ ጥይቱን ቅጥር አሻግሮ የሚጥል መድፍ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጀምሮ የታወቀ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያስቀለጡት፣ ብዙ መቶ ሰው እየጐተተው በ1860 ዓ.ም. መቅደላ የደረሰው ሴባስቶፖል የዚሁ ዘር ነበር። የእነዚህ መሣሪያዎች ሁሉ የጋራ ጕድለት ክብደታቸው ነው፤ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ሳይሆን መንገድ የሚሠራላቸውና የሚጐትታቸው ሠራዊት ያስፈልጋቸዋል። ስቶክስ የጠየቀው ጥያቄ ከዚህ የተለየ ነበር። መሣሪያው እግረኛው ራሱ ተሸክሞት በጭቃ ውስጥ ሊሄድ የሚችል፣ ልዩ የመድፍ ሙያ የማይጠይቅ፣ በማናቸውም መካከለኛ ፋብሪካ በብዛት ሊሠራ የሚችል ይሆን ዘንድ ምን ምን ነገር ሊወገድ ይችላል የሚል ነው።

የ54 ዓመቱ መሐንዲስ በ1915 መግቢያ ላይ ያቀረበው ንድፍ የዚህ መወገድ ውጤት ነው። ከመድፍ ላይ ጐማውን፣ ሠረገላውን፣ የኋላ መዝጊያውን፣ ቃታውን፣ ጥርሱን፣ ወደ ኋላ መፈንጠርን የሚያበርደውን መሣሪያ ሁሉ አነሣ። የቀረው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ውስጡ ለስላሳ የሆነ የብረት ቱቦ፣ ቱቦው የሚያርፍበት የብረት መቀመጫ ሰሌዳ፣ ቱቦውን ከፊት የሚደግፍ ባለ ሁለት እግር መቆሚያ። ሦስቱ ተደምረው 49 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝኑ ስለ ነበረ ለሦስት ሰው ተከፍለው ይጓጓዛሉ። የፍንዳታው ግፊት በሰሌዳው በኩል ወደ መሬት ይወርዳል፤ በሌላ አነጋገር መድፉ ውስጥ በብዙ ድካም ይሠራ የነበረውን የማብረጃ ሥራ ምድር ራሷ ትሠራዋለች።

አተኳኰሱም እንዲሁ ቀላል ነው። ቅንቡላው በቱቦው አፍ ይለቀቃል፤ በራሱ ክብደት ወደ ታች ተንሸራትቶ ሲወርድ በጅራቱ የተሰካው የአደን ጠመንጃ ቀለህ የመሰለ ተኳሽ ከቱቦው ሥር ከተተከለች መርፌ ጋር ይጋጫል። ተኳሹ ሲቃጠል ቅንቡላውን መልሶ ወደ ላይ ይወረውረዋል። ርቀቱን ለመጨመር በጅራቱ ዙሪያ ተጨማሪ የባሩድ ቀለበት ይታሰራል፤ ለማሳጠር ደግሞ ቱቦው ይበልጥ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ይደረጋል። ባለ ሦስት ኢንች ተብሎ የሚጠራው ሞርታር የቱቦው ውስጣዊ ስፋት በእርግጥ 81 ሚሊ ሜትር ነበር። ቅንቡላው 4.8 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን እስከ 700 ሜትር ገደማ ይደርስ ነበር። የሠለጠነ ተኳሽ በአጣዳፊ ጊዜ በደቂቃ 25 ቅንቡላ ሊለቅ ስለሚችል፣ የመጀመሪያው ገና መሬት ሳይነካ ሌሎቹ በአየር ላይ ተከታትለው ይገኛሉ። በዚያ ዘመን ይህን ያህል ፍጥነት በዚህ ዋጋና በዚህ ክብደት የሚሰጥ ሌላ መሣሪያ አልነበረም።

ይሁን እንጂ የጦር ሹማምንቱ በጁን 1915 ንድፉን ሳይቀበሉት ቀሩ። ምክንያታቸው መሣሪያው መጥፎ ነው የሚል ሳይሆን በግምጃ ቤት የተከማቸውን ነባር የሞርታር ጥይት ሊተኵስ አይችልም የሚል ነበር። ይህ ምክንያት ከሒሳብ መዝገብ አንጻር ሲታይ ከንቱ አይደለም፤ ለአዲስ መሣሪያ አዲስ ቅንቡላ፣ ለአዲስ ቅንቡላም አዲስ ፋብሪካ ያስፈልጋልና። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ሠራዊት በጥይት እጥረት ይሠቃይ እንደ ነበረም የታወቀ ነው። ነገር ግን የተከማቸው ጥቂት፣ የሚያስፈልገው ብዙ በሆነበት ሰዓት፣ ለነባሩ ክምችት ሲባል አዲሱን መከልከል ወታደሩን ባዶ እጁን ማስቀረት ነበር። ስቶክስ ተስፋ አልቈረጠም፤ ንድፉን ማሻሻሉንና ሰሚ መፈለጉን ቀጠለ።

ሰሚው በዚያው ዓመት አዲስ በተቋቋመው የጦር መሣሪያ ሚኒስቴር ተገኘ። ሚኒስትሩ ዴቪድ ሎይድ ጆርጅ የመሣሪያውን ሙከራ ከተመለከተ በኋላ ደጋፊው ሆነ፤ ከሥሩም የምሽግ ጦርነት ዕቃ አቅርቦት ክፍል ባልደረባ የነበረው ሌተና ኮሎኔል ማተሰን ሥራው እንዲፋጠን ታገለ። ለመጀመሪያዎቹ 1,000 ሞርታሮች መሠሪያ የሚሆነው ገንዘብ የተገኘው ከመደበኛው በጀት ሳይሆን አንድ የሕንድ ማሃራጃ ለጦርነቱ ከሰጡት ስጦታ ነበር። ስለዚህ ከጊዜ በኋላ በልዩ ልዩ አገር ሠራዊቶች የታጠቁት መሣሪያ ለመወለድ የበቃው በደንበኛው በር ሳይሆን በጎን በር ገብቶ ነው ሊባል ይቻላል።

ሴፕቴምበር 25 ቀን 1915 በሎስ ጦርነት ባለ አራት ኢንቹ የስቶክስ ሞርታር ጭስ ለመተኰስ አገለገለ፤ ይኸው ዓይነት በኋላ መርዘኛ ጋዝም ተሸክሟል። ባለ ሦስት ኢንቹ ደግሞ በ1916 ለእግረኛ ብርጌዶች በየባትሪው ተደለደለ። ጁላይ 1 ቀን 1916 በሶም ወታደሮቹ ከምሽግ ከመውጣታቸው በፊት በነበሩት የመጨረሻ ደቂቃዎች የጀርመንን የፊት መስመር በቅንቡላ ያጥለቀለቁት እነዚሁ ሞርታሮች ናቸው። ቢሆንም የዚያን ቀን እልቂት ሊያስቀሩ አልቻሉም፤ ቅንቡላው ሲቆም የጀርመን መትረየሶች ከጥልቅ ጕድጓድ ወጥተው ተኰሱ። ጦርነቱ በኖቬምበር 1918 ሲቆም በምዕራቡ ግንባር ከብሪታንያ ግዛት ሠራዊቶች ጋር 1,636 የስቶክስ ሞርታሮች ይገኙ ነበር።

መሣሪያው በወታደሩ ዘንድ የተወደደም የተጠላም ነበር። የሞርታር ተኳሾች በፍጥነት ተኵሰው መሣሪያቸውን ነቅለው ሲሄዱ፣ የጠላት የበቀል መድፍ የሚወርደው በስፍራው በቀሩት እግረኞች ላይ ነው። ስለዚህ ሞርታር ተሸካሚዎች ወደ አንድ ምሽግ ሲመጡ በደስታ የሚቀበላቸው አልነበረም። ለተኳሾቹም ቢሆን አደጋው ቀላል አይደለም፤ በቱቦው ውስጥ ሳይተኰስ የቀረ ቅንቡላ ላይ ሌላ መጨመር ወይም በጊዜው ሳይሆን ቀድሞ የሚፈነዳ ቅንቡላ የራስን ሰው ይፈጃል። በንድፉም ላይ አንድ ጕልህ ጕድለት ነበር። ቅንቡላው እንደ ቆርቆሮ ጣሳ ድፍን ሲሊንደር ስለ ነበረና ክንፍ ስላልነበረው በአየር ላይ ይገለባበጣል፤ በየትኛው ጐኑ እንደሚወድቅ አይታወቅም። ከዚህም የተነሣ መጀመሪያ ላይ የተጠቀሙት ከእጅ ቦምብ የተወሰደውን ዓይነት የጊዜ ፊውዝ ነበር፤ በኋላም በየትኛውም ጐኑ ቢወድቅ የሚያፈነዳው ልዩ ፊውዝ ተሠራለት። ርቀቱና ዒላማ አመታቱ ግን በዚሁ ቅርጽ ምክንያት ውሱን እንደ ሆነ ቀረ።

ስቶክስ በነዚሁ የጦርነት ዓመታት፣ ከ1915 እስከ 1917፣ የብሪታንያ መሐንዲሶች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ አገለገለ። በ1917 የሰር ማዕርግ ተሰጠው፤ መንግሥትም ለፈጠራው ገንዘብ ከፈለው። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ቀድሞ ሥራው ተመልሶ የድርጅቱን አመራር ቀጠለ። ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1927 በዌልስ በሩቲን ከተማ በ66 ዓመቱ ዐረፈ።

የመሣሪያው ታሪክ ግን ከርሱ ጋር አልተቀበረም። ስቶክስ የተወውን ጕድለት ያረመው ፈረንሳዊው ኤድጋር ብራንት ነው። ብራንት በመጀመሪያ ሙያው የጦር መሣሪያ ሰው ሳይሆን የብረት በርና መቅረዝ በማስጌጥ በፓሪስ የታወቀ አንጥረኛ ነበር። የስቶክስን ቱቦ፣ ሰሌዳና መቆሚያ በመሠረቱ እንዳሉ ትቶ ቅንቡላውን ለወጠው፤ የእንባ ዘለላ ቅርጽ ሰጥቶ ከኋላው ክንፍ ተከለለት። ቅንቡላው በአፍንጫው ቀድሞ መውደቅ ጀመረ፤ ርቀቱም ከ1,900 ሜትር በላይ ሆነ። ስቶክስ በሞተበት በ1927 ስያሜውን ያገኘው የብራንት ሞርታርና በ1931 የተሻሻለው ዓይነት በየአገሩ ተገዛ፤ በፈቃድም ያለ ፈቃድም ተሠራ። የአሜሪካው ኤም 1፣ የጀርመኑ የ8 ሳንቲ ሜትር ሞርታር፣ የሶቪየት ኅብረቱ ባለ 82 ሚሊ ሜትር፣ የኢጣሊያው የ1935 ሞዴል ሁሉ የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ስቶክስ በአጋጣሚ የመረጠው የ81 ሚሊ ሜትር ልክም የብዙ አገር ሠራዊት መለኪያ ሆኖ ጸና።

ይኸው ቤተሰብ ወደ ኢትዮጵያም የመጣው ሳይቈይ ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1935 ኢትዮጵያን ስትወር እግረኛ ጦሯ ባለ 81 ሚሊ ሜትሩን ሞርታር ታጥቆ ነበር። በኢትዮጵያ በኩልም የክብር ዘበኛው የስቶክስና ብራንት ዓይነት ጥቂት ሞርታሮች ነበሩት፤ ማርች 31 ቀን 1936 በማይጨው ጦርነት ላይም አገልግለዋል። ነገር ግን አንዱ ወገን አውሮፕላንና መርዝ ይዞ ሲመጣ ጥቂት ሞርታር ሚዛኑን ሊመልስ አልቻለም። ከዓመታት በኋላ ከ1951 ጀምሮ በኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ በአሜሪካ መሣሪያ የተደራጀ ስለ ነበር፣ በኮረብታዎቹ ላይ የተሸከማቸው ሞርታሮች የዚያው የኢፕስዊች ንድፍ የልጅ ልጆች ናቸው።

የስቶክስን ሥራ ለመመዘን የሚነሣ ሰው አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባዋል። የሞርታሩ ምሥጢር ቅልጥፍናው ብቻ ሳይሆን ርካሽነቱ ነው። መድፍ ለመሥራት ታላቅ የብረት ኢንዱስትሪ ያስፈልጋል፤ ቱቦ ለመቅረጽ ግን መጠነኛ ቤተ ሥራ ይበቃል። ስለሆነም ከሀብታም መንግሥታት እጅ ብቻ ወጥቶ ለድሃ አገር ሠራዊት፣ ለሽምቅ ተዋጊና ለዐማፂም ደረሰ። ደካማው ራሱን እንዲከላከል እንደ ረዳ ሁሉ፣ ዒላማውን የማያይ ተኳሽ ከኮረብታ ጀርባ ሆኖ ገበያና መንደር እንዲደበድብም አስቻለ። ቅንቡላው ከላይ ወደ ታች የሚወድቀው ምሽግን እንዲያገኝ ነበር፤ የቤት ጣሪያንም በዚያው መንገድ ያገኛል። ንድፉ በመልካም ፈቃድ፣ አገሩ በተጨነቀችበት ሰዓት የተወለደ ቢሆንም፣ ሥዕሉ ከጠረጴዛው ከተነሣ በኋላ ማን እንደሚሠራበት የነዳፊው ፈቃድ አልተጠየቀም።

የአስዋኑ ግድብ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ከፍ ተደርጎ የተሠራ ሲሆን፣ በ1970 ከበላዩ ታላቁ ግድብ ሲጠናቀቅ ዋና አገልግሎቱ ቀነሰ። በሮቹ ግን ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በየክረምቱ ተከፍተው በየበጋው ተዘግተው ሚሊዮኖችን አብልተዋል፤ በላያቸው የስቶክስን ስም ፈልጎ የተመለከተ ግን ብዙ አይገኝም። ሁለቱን ሥራዎች የሚያገናኛቸው የአንድ እጅ ጠባይ ነው፤ ይኸውም ለችግሩ የማያስፈልገውን ሁሉ አንሥቶ የሚያስፈልገውን ብቻ ማስቀረት። ይህ ጠባይ የመልካም መሐንዲስ መለያ ነው። ለምን ዓላማ እንደሚውል መወሰን ግን የስሌት ሥራ አይደለምና፣ ከንድፍ ጠረጴዛው ፊት የሚቀመጥ ሁሉ ራሱ ሊያስብበት የሚገባ ጉዳይ ነው።